23 ሴሎች ሲያወሩ፦ የሲሙሌሽን ሥራዬ ማስታወሻ

መስከረም 18

የማስተርስ መመረቂያ ሥራዬን ዛሬ ጀመርኩ። ጥያቄዋ አጭር ናት። በአንድ ትልቅ የሞባይል ታወር ሥር 20 ትናንሽ ሴሎች፣ ማለትም አነስተኛ የሞባይል ጣቢያዎች፣ ብንተክል፣ ሴሎቹ እርስ በርስ ለመግባባት ብቻ ስንት መልእክት ይላላካሉ? ተጠቃሚው ቪዲዮ የሚያይበትን ዳታ አይደለም የምቆጥረው። «ይሄን ስልክ ተረከበኝ»፣ «በዚህኛው ድግግሞሽ ጮክ ብዬ ልልክ ነው»፣ «አንተ ጋ ስንት ሰው አለ?» የሚባባሉትን ነው።

ግምቴን አሁኑኑ እጽፋለሁ፣ በኋላ «እኔ እኮ ድሮም ብዬ ነበር» እንዳልል። ሴሎቹን የሚያገናኘው መስመር፣ ኤክስ2 የሚባለው፣ በመልእክት ብዛት የሚጨናነቅ ይመስለኛል። መፍትሔውም ሰፋ ያለ መስመር ይሆናል።

ዕቃ፦ 8 ጊጋባይት ራም ያላት አሮጌ ላፕቶፕ፣ ኡቡንቱ፣ ኤንኤስ-3 የሚባል የኔትወርክ ሲሙሌተር፣ ፓይተን፣ በመስመር ላይ የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየው ዋየርሻርክ። ሶፍትዌሩ ሁሉ ነፃ ነው። እስካሁን ወጪ የለም።

ሠፈሩን መርካቶን አስመስዬ ሣልኩት። 500 ሜትር በ500 ሜትር። መሐል ላይ ሦስት ሴክተር ያለው ማክሮ፣ ትልቁ ታወር ማለት ነው። እያንዳንዱ ሴክተር በራሱ አቅጣጫ አንድ ሴል ነው፣ ኃይሉም 46 ዲቢኤም፣ ማለትም 40 ዋት ገደማ። በመንገዱ ዳርና በሱቆቹ መሐል ትናንሾቹ፣ 20 ፒኮ ሴሎች፣ እያንዳንዳቸው 30 ዲቢኤም፣ ማለትም 1 ዋት። የየትኛውም ኦፕሬተር ካርታ አይደለም፣ ከራሴ ጭንቅላት ነው። ሁሉም በአንድ ድግግሞሽ፣ በ10 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። 120 ስልክ።

መስከረም 25

ሳምንቱ ኮድ በማጠናቀር አለቀ። ሁሉንም ሞጁል ልገንባ ብዬ ላፕቶፗ ቀጥ አለች። ማውሱ ራሱ አልንቀሳቀስ አለ። ቀጥሎ የኤልቲኢውን (የ4ጂውን) ሞጁልና እሱ የሚፈልጋቸውን ብቻ መረጥኩ፣ በአንዴ የሚሠሩትንም ወደ 2 ቀነስኩ። ሄደ። ቢሆንም ያገለገለ 8 ጊጋባይት ራም ጨመርኩባት። 2,300 ብር።

ከዚያ ስልኮቹ አልገባ አሉ። ከ120ው ውስጥ የተወሰኑት ሴል ላይ ሳይመዘገቡ በር ላይ ይቀራሉ። ሁለት ቀን የፈጀብኝ ነገር አንዲት ቁጥር ሆና ተገኘች። እያንዳንዱ ስልክ ለጣቢያው የሚልከው የመለኪያ ምልክት ተራ አለው፣ የተራው ዙር ደግሞ በዲፎልት፣ ማለትም ካልነካሁት፣ 40 ሚሊሰከንድ ነው። በዚህ ዙር አንድ ሴል ከ40 ስልክ በላይ አይችልም። ማክሮው ከፒኮዋ 16 ዴሲቤል ይበልጣልና መጀመሪያ ላይ ሁሉም ወደ እሱ ይሮጣል፣ ሴክተሩ ይሞላል። ዙሩን 160 አደረግኩት፣ ሁሉም ገቡ።

ጥቅምት 2

የመጀመሪያው ሙሉ ሩጫ። በየኤክስ2 መስመሩ ላይ ፓኬት የሚይዝ ፋይል ከፈትኩ። 23 ሴል፣ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር፣ 23 በ22 ለ2 ሲካፈል 253 መስመር። ፎልደሩን ስከፍተው ፋይል ብቻ።

ዋየርሻርክ መልእክቶቹን አላወቃቸውም። «ዩዲፒ፣ ዳታ» ብሎ ያልፋቸዋል። መጀመሪያ ዋየርሻርክ አሮጌ ነው ብዬ አዲስ ጫንኩ። እውነተኛው የኤክስ2 ምልክት የሚሄደው ኤስሲቲፒ በሚባል የመላኪያ ፕሮቶኮል ላይ፣ በፖርት 36422 ነው። ሲሙሌተሩ ግን ለቀላልነት ዩዲፒ በሚባለው ሌላ ፕሮቶኮል ይልከዋል፣ የመልእክቱንም አጻጻፍ በራሱ መንገድ አሳጥሮታል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ የደመርኩት ባይት ከእውነተኛው ኔትወርክ ባይት ጋር አይገናኝም።

ፋይሎቹን ሰረዝኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ ከሲሙሌተሩ የምወስደው የመልእክቱን ቁጥርና ሰዓቱን ብቻ ነው። መጠኑን በወረቀት አሰላለሁ።

ሌላም ጉድ አለ። ሃንድኦቨር፣ ማለትም ስልክ ከሴል ወደ ሴል መሻገሩ፣ ሲያልቅ አዲሱ ሴል ለኮር ኔትወርኩ (ጣቢያዎቹን ሁሉ ለሚያገናኘው ማዕከል) «ስልኩ አሁን እኔ ጋ ነው፣ መንገዱን አዙርልኝ» ይላል። ይሄ መልእክት በሲሙሌተሩ ውስጥ በፓኬት አይሄድም፣ በኮድ ውስጥ ፈንክሽን ተጠርቶ ያልቃል። የኤክስ2 ፋይል ብቻ ሲያይ የነበረ ሰው የጫናውን ግማሽ አያየውም። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 5

ከአማካሪዬ ጋር ተገናኘን። 253 የሚለውን ቁጥር ገና ሲያዩት ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ማክሮህ ስንት ጣቢያ ነው?»

«አንድ ነው፣ መምህር። ሦስት ሴክተር አለው።»

«ታዲያ ሦስቱ ሴክተሮች አንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው በኤክስ2 ነው የሚያወሩት?»

አፌ ተዘጋ። ኤንኤስ-3 እያንዳንዱን ሴክተር እንደ ራሱን የቻለ ጣቢያ ያየዋል፣ እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩት። በእውነቱ ጣቢያዎቹ 21 ናቸው። መስመሩም 21 በ20 ለ2፣ 210 ነው። 43 መስመር ከሰማይ ወርዶብኝ ነበር። ርዕሱ ላይ ግን 23 ሴል ብዬ እቀጥላለሁ፣ ሴሎቹማ 23 ናቸው።

ማታ በወረቀት ቁጭ አልኩ። ሴሎች በየጊዜው ከሚላላኩት ውስጥ አንዱ የሎድ (የጫና) መልእክት ነው። በውስጡ አርኤንቲፒ የሚባል የቢት ሰንሰለት አለ። ለእያንዳንዱ የድግግሞሽ ክፍል አንድ ቢት፣ «እዚህ ላይ ጮክ እላለሁ» ወይም «ዝቅ እላለሁ» ማለት ነው። በ10 ሜጋኸርዝ 50 ክፍል ነው ያለው፣ 50 ቢት፣ 7 ባይት ገደማ። መሸኛው ግን፣ የአይፒ ራስጌ 20፣ የኤስሲቲፒ 12፣ የዳታው ቁራጭ ራስጌ 16፣ በድምሩ 48 ባይት ነው። ፖስታው ከደብዳቤው ይከብዳል።

ሌላ ሌላውን ሁሉ ጨምሬ አንዱን መልእክት 100 ባይት ልበለው። 21 ጣቢያ፣ እያንዳንዱ ለ20 ጎረቤት፣ በየሰከንዱ። 420 መልእክት። 42 ኪሎባይት በሰከንድ፣ ለሠፈሩ በሙሉ። ከአንዲት ፒኮ የሚወጣው 16 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። በስልክ የምናወራው ድምፅ እንኳ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መስመሩ ይጨናነቃል ያልኩት ሰው የት አለ?

ጥቅምት 13

ባይቱን ትቼ ሃንድኦቨር ላይ ዞርኩ። አንድ የተሳካ የኤክስ2 ሃንድኦቨር ስንት መልእክት ይፈልጋል? በጣቢያዎቹ መካከል 4፦ ጥያቄው፣ መልሱ፣ የፓኬቶቹን ተራ ቁጥር የሚያስረክበው፣ በመጨረሻ «የስልኩን ፋይል ሰርዝ» የሚለው። ከአዲሱ ጣቢያ ወደ ኮር 2፦ መንገድ አዙር፣ እሺ። በኮሩ ውስጥ እስከ ጌትዌዩ ሌላ 2። በድምሩ 8። ስልኩና ጣቢያው በአየር ላይ የሚነጋገሩትን ሳልጨምር።

አሁን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ አስቡ። 12 ተሳፋሪ፣ ሁሉም ስልክ ይዟል፣ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ነው። ሹፌሩንና ረዳቱን ተውኳቸው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በሰከንድ 8.3 ሜትር ማለት ነው። የፒኮዋ ራዲየስ 40 ሜትር ቢሆን 80 ሜትሩን በ10 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ያልፈዋል። ሲገባ 12 ሃንድኦቨር፣ ሲወጣ 12። 24 በ8፣ 192 መልእክት ለአንዲት ፒኮ። መንገዱ ላይ 6 ፒኮ ካለ 1,152። አንድ ሚኒባስ፣ አንድ ጊዜ ሲያልፍ። መርካቶ ላይ ስንት ሚኒባስ በደቂቃ ያልፋል የሚለውን ለእናንተ ትቻለሁ።

እነዚህ መልእክቶች ሲደመሩም በባይት ትንሽ ናቸው። ግን እያንዳንዱ አንድ ፕሮሰሰር ተነስቶ እንዲሠራ ያደርጋል፣ ፋይል ይከፈታል፣ ፋይል ይዘጋል፣ ኮሩ መንገድ ያዞራል። ስልኮቹ ደግሞ ተራ በተራ አይመጡም፣ በአንድ ሚኒባስ ተጭነው በአንዴ ነው የሚደርሱት።

ሲሙሌሽኑን አስኬድኩ። ውጤቱ፦ ሃንድኦቨሩ ሁሉ ተሳክቷል። አንድም አልወደቀም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ጠረጠርኩ። ከፒኮ ሥር የሚወጣ ስልክ ላይ ማክሮው በ16 ዴሲቤል ብልጫ ይጮህበታል፣ እንዴት አንድም አይወድቅም?

ዲፎልቱ ነው አሁንም። በስልኩና በጣቢያው መካከል ያለው የቁጥጥር መልእክት «አይዲያል» ሆኖ ነው የሚመጣው። አየር ላይ አይሄድም፣ አይበላሽም፣ አይጠፋም። «ወደዚያኛው ሴል ተሻገር» የሚለው ትእዛዝ ምንም ጩኸት ቢኖር ይደርሳል። ይሄን አጥፍቼ እውነተኛውን ስከፍት ሃንድኦቨሮች መውደቅ ጀመሩ። በአብዛኛው የሚወድቁት ከፒኮ ወደ ማክሮ ሲወጡ ነው። ሲገቡ ብዙም ችግር የለም። ከዚህ በፊት የተሠሩ ጥናቶችም የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ እኔ ግን በዓይኔ እስካይ አልገባኝም ነበር።

ጥቅምት 20

መብራት ጠፋ። 11 ሰዓት የሮጠ ሲሙሌሽን ነበረኝ፣ የላፕቶፗ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ውጤቱን የምጽፈው ሩጫው ሲያልቅ ብቻ ስለነበር ምንም አልተረፈም። አንዱን ረጅም ሩጫ በ10 አጫጭር ሩጫ ከፈልኩት፣ እያንዳንዱ በራሱ የዘር ቁጥር (የዘፈቀደ ቁጥሮቹ መነሻ) ይሄዳል፣ እንዳለቀ ይጽፋል። ያገለገለ ዩፒኤስም ገዛሁ፣ 3,000 ብር። አንጀቴን በላው፣ ግን ሌላ ምን ይደረጋል።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አከራዬ በሩን አንኳኩ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ማሽንህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድራል፣ ቆጣሪውም አብሮት።» ማራገቢያው ነው። በወር 200 ብር ለመብራት እጨምራለሁ ተባብለን ተለያየን። «እማማ፣ እስከ ታኅሣሥ ብቻ ታገሱኝ» ብያለሁ።

መብራቱ ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። ማክሮ ጣቢያ ባትሪና ጄኔሬተር ይኖረዋል። ሱቅ ጣሪያ ላይ የተሰቀለች ፒኮ ግን ብዙ ጊዜ የሱቁን መብራት ነው የምትጠቀመው። መብራት ሄዶ ሲመጣ 20ዋም በአንድ ሰከንድ ይነሳሉ። ያኔ ምን ይሆናል?

ይሄን ኤንኤስ-3 አያሳይም፣ ኤክስ2ው ከመጀመሪያው የተዘረጋ ነው። ስለዚህ ላፕቶፗ ላይ 21 የሊኑክስ ኔትወርክ ኔምስፔስ (እያንዳንዱ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚታይ ክፍል) ከፈትኩ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ኤስሲቲፒ የሚከፍት ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት። ከርነሉ ላይ የኤስሲቲፒ ሞጁል መጫን ነበረብኝ፣ እሱ ግማሽ ቀን በላ። ከዚያ ሁሉንም ባንድ ላይ አስነሳሁ።

ሁለቱም ጎረቤታሞች እኩል ይደውላሉ። 210 ግንኙነት ለመክፈት 420 ሙከራ። በአንድ ጥንድ መካከል የሚፈቀደው አንድ ብቻ ስለሆነ ትርፉ መፍረስ አለበት፣ አንዱ የከፈተውን ሌላው ይዘጋል፣ ከዚያ ሁለቱም ዘግተው እንደገና ይጀምራሉ። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የቀለጠ ሠርግ ቤት ይመስላል።

መጀመሪያ የሞከርኩት «ቁጥሩ ያነሰው ይደውል፣ የበለጠው ይጠብቅ» የሚል ሕግ ነው። ጭቅጭቁ ቆመ፣ ሌላ ችግር መጣ። ኤስሲቲፒ መልስ ካጣ 3 ሰከንድ ጠብቆ ይደግማል፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ 24። አንዷ ፒኮ ትንሽ ዘግይታ ከተነሳች፣ ደዋይዋ ጎረቤቷ ረጅሙ ጥበቃ ውስጥ ገብታለች። እሷ ደግሞ በሕጉ መሠረት መደወል አትችልም። ዝም ብለው ይተያያሉ።

አሁን የያዝኩት፦ ሁሉም ሲነሱ ከ0 እስከ 60 ሰከንድ በዘፈቀደ ይጠብቃሉ፣ ከተነሱ በኋላ ማንም ይደውላል፣ ሁለት ከተከፈተ ግን ቁጥሩ ያነሰው የከፈተው ይቆያል። ተንኮል የለውም፣ ይሠራል።

ጥቅምት 30

ወደ ኢንተርፊረንስ፣ ሴሎቹ እርስ በርስ ወደሚረባበሹበት ነገር። የዚህ ሳምንት ሥራ ከሁሉም የከበደኝ ነው።

ፒኮዋ 1 ዋት፣ ማክሮው 40 ዋት። ዝም ብለው ቢተዉ ፒኮዋ ላይ የሚገቡት እግሯ ሥር ያሉት ብቻ ናቸው። ማክሮው ይጨናነቃል፣ ፒኮዋ ሥራ ፈት ትሆናለች። ስለዚህ ለፒኮዋ ሐሰተኛ ጉርሻ ይሰጣታል። ስልኩ ሲያወዳድር 6 ዴሲቤል ይጨምርላታል። ክልሏ ይሰፋል። ይሄ ጉርሻ ኤንኤስ-3 ውስጥ ዜሮ ተብሎ ኮዱ ላይ ተጽፏል፣ ከፍቼ በእጄ ቀየርኩት።

በጉርሻ የገባው ስልክ ግን ማክሮውን ከራሱ ሴል አስበልጦ ይሰማል። እንዲሰማው ማክሮው አልፎ አልፎ ዝም ማለት አለበት። ይሄ ኤቢኤስ ይባላል፣ የሞባይል ደረጃዎችን በሚያወጣው በ3ጂፒፒ ሪሊዝ 10 (10ኛ እትም) የመጣ ነው። ማክሮው «በእነዚህ ሚሊሰከንዶች ዝም እላለሁ» የሚል የ40 ቢት ዝርዝር በኤክስ2 ለፒኮዎቹ ይልካል። እያንዳንዱ ቢት አንድ ሚሊሰከንድ ነው።

ለምን 40? እኔ አልጠየቅኩም። የኤልቲኢ ፍሬም 10 ሚሊሰከንድ ነውና በየ10ሩ አንዱን ዝም አስባልኩት። አፕሊንኩ፣ ከስልክ ወደ ጣቢያ የሚሄደው፣ ታመመ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ማክሮው ዝም ባለበት ሚሊሰከንድ ለስልኮቹ የአፕሊንክ ፈቃድም አይልክም። አፕሊንኩ ደግሞ 8 የመላኪያ ሂደቶች አሉት፣ እያንዳንዱ በየ8 ሚሊሰከንድ ይመለሳል። በየ10ሩ ዝም ሲባል ዝምታው ከ8ቱ አራቱን እየዞረ ይመታል። በየ8ቱ ዝም ቢባል ግን የሚመታው ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው፣ ሰባቱ ሰላም ናቸው። 8 እና 10 የሚገናኙት 40 ላይ ነው፣ የ40 ቢቱ ነገር ከዚህ የመጣ ነው። ይሄን ስረዳ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ፣ ደስ ብሎኝ።

ደስታው ሙሉ አይደለም። በየ8ቱ ስትዘል ከ40ው ውስጥ 5 ዝምታ ታገኛለህ። ከ5ቱ አንዷ የግድ የፍሬሙ 0ኛ ወይም 5ኛ ክፍል ላይ ትወድቃለች፣ ከየትም ጀምር። እነዚህ ላይ ማክሮው ስልኮች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉበትን ምልክት መላክ አለበት። ስለዚህ አራት ሙሉ ዝምታና አንድ ግማሽ ዝምታ።

እዚህ ላይ ነው ጫና የሚለው ቃል ትርጉሙ የተቀየረብኝ። የ40 ቢቱ መልእክት 5 ባይት ነው። በባይት ከቆጠርኩት ቀልድ ነው። ማክሮው የከፈለው ግን ከ40 ሚሊሰከንዱ 5ቱን ነው፣ ከመቶ 12.5። ዝምታውን 10 ካደረግኩት ሩቡን። በ5 ባይት ወረቀት የሩብ መሬት ውል እንደመፈረም ነው።

ሌላም ሲሙሌተሩ የሚደብቀው ነገር አለ። ሁሉም ሴል አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚሄደው። እውነተኛ ፒኮ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነች ጂፒኤስ አታይም፣ ሰዓቷን በኔትወርኩ በኩል፣ ፒቲፒ በሚባል የሰዓት ማስተካከያ ፕሮቶኮል መውሰድ አለባት። አንዱን ፒኮ ሆን ብዬ በግማሽ ሚሊሰከንድ አዛነፍኳት። ማክሮው ዝም ሲል እሷ ገና ተራዋ አልደረሰም፣ ስትጀምር ደግሞ እሱ ጀምሯል። ለሰዓቱ የሚሄደው መልእክትም ጫናው ውስጥ መቆጠር አለበት ማለት ነው። ጨመርኩት።

ኅዳር 9

መዘግየት። እስካሁን የኤክስ2 መስመሬ መዘግየቱ ዜሮ ነበር፣ ይሄም ዲፎልት ነው። 5፣ 20፣ 50 እና 200 ሚሊሰከንድ ሞከርኩ፣ በአንድ አቅጣጫ።

5 ላይ ምንም። 20 ላይም ብዙም። የሎድ መልእክቱ በየሰከንዱ ስለሚሄድ 20 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ሃንድኦቨር ላይ ግን 50 ተሰማ። ጥያቄ ሄዶ መልስ ሲመጣ 100 ሚሊሰከንድ፣ ከዚያ በፊት ስልኩ የሚታገሥበት 256። ሚኒባሱ በዚህ ጊዜ 3 ሜትር ሄዷል። ሜዳ ላይ 3 ሜትር ምንም አይደለም። የፒኮ ጠርዝ ላይ ግን ትእዛዙ ሳይደርስ ስልኩ ሴሉን ያጣዋል።

200 ላይ ሁሉም ወደቀ። ሎጉን ሳይ፣ አዲሱ ሴል ስልኩን ለመቀበል 200 ሚሊሰከንድ ብቻ ይጠብቃል። «እሺ፣ ላከው» ያለው መልስ ገና መንገድ ላይ ሳለ ጥበቃው አለቀ። ትራንስሚሽን ላይ ለሚሠራ ጓደኛዬ ነገርኩት። «ወንድሜ፣ 200 ማን ይሰጥሃል? ከተማ ውስጥ ፋይበር ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፣ ለከተማ። ግን ሳተላይት ላይ የተንጠለጠለ የገጠር ጣቢያ አለ። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ሲግናሉ ወጥቶ ሲወርድ ብቻ 240 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። እዚያ ላይ ትናንሽ ሴሎችን በኤክስ2 ማስተባበር አይታሰብም።

ኅዳር 16

ሁለት ነገር ቀነስኩ።

አንደኛ ጎረቤት። በመንገዱ ራስ ያለች ፒኮ በመንገዱ ጫፍ ካለችው ጋር ምን አገናኛት? ስልኮቹ በመለኪያ ሪፖርታቸው የጠቀሷቸውን ጥንዶች ብቻ ልተው ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ የተመሰለ ሪፖርት ሰበሰብኩ። ከ210 መስመር 58 ቀረ። የሎድ መልእክቱ ከ420 ወደ 116 ወረደ። ምንም ሳይጎዳ።

እንዲያ መሰለኝ። በሦስተኛው ሩጫ ፕሮግራሙ ተሰበረ፣ «የዚህ ሴል መረጃ የለም» ብሎ። አንድ እግረኛ በሱቆቹ መሐል አቋርጦ ከዚህ በፊት ማንም ያልሄደበትን ጥንድ አገናኘ። እውነተኛ ኔትወርክ ላይ ይሄ አይሰበርም፣ በኮሩ በኩል ይዞራል። ግን ያኔ ለኮሩ የሚደርሰው መልእክት 2 መሆኑ ቀርቶ 9 ይሆናል። ከጎረቤት የቀነስከውን ኮሩ ይከፍላል። አሁን የተቆረጠ ጥንድ ሁለት ጊዜ ከተፈለገ መስመሩ ይመለሳል። 61 ላይ ቆሟል።

ሁለተኛ ትዕግሥት። ስልኩ ከመሻገሩ በፊት የሚጠብቀውን ጊዜ ከ256 ወደ 640 ለሁሉም ከፍ አደረግኩ። ፒንግ-ፖንጉ ወረደ። (ፒንግ-ፖንግ የምለው ስልኩ ከ1 ሰከንድ በታች ቆይቶ ሲመለስ ነው፣ የ3ጂፒፒ ጥናት ቁጥር 36.839ም ይችን 1 ሰከንድ ነው የወሰደው።) ግን ከፒኮ ሲወጡ የሚወድቁት በዙ። ለካ መግባትና መውጣት አንድ ዓይነት ትዕግሥት አይፈልጉም። ማክሮዎቹን 640፣ ፒኮዎቹን 128 አደረግኳቸው። ለመግባት ዘግይ፣ ለመውጣት ፍጠን። እስካሁን ከሞከርኩት ሁሉ ጥሩው ይሄ ነው፣ አንዲት መልእክት ሳይጨምር።

ሚኒባሱ ላይ ግን አሁንም ቅር ይለኛል። 640 ሚሊሰከንድ 5 ሜትር ነው፣ ፒኮዋ 80። አሁንም 12ቱም ይገባሉ፣ 12ቱም ይወጣሉ።

ኅዳር 24

አማካሪዬ ሚኒባሱን አይተው «ለምን ማክሮውን ይለቃሉ?» አሉ። ከሪሊዝ 12 ጀምሮ ስልኩ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም መያዝ ይችላል። ማክሮው እንደ መልሕቅ ይቆያል፣ ፒኮዋ ዳታ ብቻ ታግዛለች። ፒኮዎች ሲቀያየሩ ኮሩ አያውቅም፣ መንገድ አዙር የሚባል ነገር የለም። ሚኒባሱ ቢያልፍም ኮሩ ተኝቶ ያድራል።

አንድ ነገር ግን አለ። በዚህ አሠራር ዳታው ማክሮው ጋ ደርሶ ነው ለፒኮዋ የሚከፈለው። የሚሄደው ደግሞ በኤክስ2 ላይ ነው። 100 ባይት በሰከንድ አይደለም አሁን፣ ሰዎቹ የሚያዩት ቪዲዮ ራሱ ነው። መስከረም 18 የጻፍኩት ግምት በጓሮ በር ተመልሶ መጣ።

ኤንኤስ-3 ጋ ያለው የኤልቲኢ ሞጁል ይሄን አያውቅም። በኒውዮርክና በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲዎች የተሠራ ተጨማሪ ሞጁል አለ፣ ሁለት ግንኙነት ይችላል። ዛሬ አወረድኩት። ከራሱ የኤንኤስ-3 ቅጂ ጋር ስለሚመጣ የጉርሻውንና የኤቢኤሱን ለውጥ እንደገና በእጄ ማስገባት አለብኝ። ማጠናቀሩ ተጀምሯል፣ በ2፣ ማራገቢያውም ጀምሯል። ላፕቶፗን ከአከራዬ ግድግዳ አርቄ መስኮቱ ሥር አስቀምጫታለሁ።